ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥ

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው አንድ ውድ ዕቃ ለመግዛት በተነሣ ጊዜ ሁለት ነገር ያሳስበዋል። አንደኛው «ገንዘቤ ይበቃልን?» የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው «ዕቃው ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» የሚለው ነው። የፊተኛውን መልስ ከኪሳችን እናገኘዋለን። ለኋለኛው ግን ሻጩ የሚነግረንን ከማመን በቀር ሌላ መንገድ ያለን አይመስለንም። ከእነዚህ ውድ ዕቃዎች አንዱ ለኮምፒዩተር ጌም የሚያስፈልገው ግራፊክስ ካርድ ነው። ለልጁ የሚገዛ አባትም ሆነ ከሥራ በኋላ ራሱ ለመጫወት የሚፈልግ ወጣት ሠራተኛ፥ በዕቁብ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን የሚከፍልበት ዕቃ ስለሆነ፥ ምርጫው በጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ካርድ ለምን ቶሎ እንደሚያረጅ፥ ሌላው ደግሞ ለምን ብዙ ዓመት እንደሚቆይ ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ዋጋዎቹም ካርዶቹ በወጡ ጊዜ በአሜሪካ የተተመኑ መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የካርዱ ሥራ ምን እንደሆነ እንመልከት። በስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ነጥቦች የተሠራ ነው። ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ የተለመደ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ጌሙ በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ፥ ካርዱ የእነዚህን ነጥቦች ሁሉ ቀለም በሴኮንድ 60 ጊዜ ማስላት አለበት ማለት ነው። ፎርኬ የሚባለው ትልቁ ስክሪን ደግሞ የነጥቦቹ ብዛት የዚህ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ሳያውቁ ካርድ መምረጥ የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ካርዱ የሚያረጀው እንደ መኪና ጎማ እያለቀ ሄዶ አይደለም። እርሱ እንደ ነበረ ሆኖ ሳለ ጌሞቹ እየከበዱ ስለሚሄዱ ነው። ጌሞቹም በዘፈቀደ አይከብዱም። ትልልቆቹ የጌም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥን ላይ በሚሰኩት የጌም ማጫወቻዎች ነው። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ነበር። በኅዳር 2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስ ቦክስ ሲሪስ ኤክስ ግን 16 ጊጋባይት ይዘው መጡ። ከዚህም የተነሣ ጥቂት ቆይቶ የኮምፒዩተር ጌሞች ፍላጎት በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ቀድሞ የበቃው ካርድ የጠበበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ካርድ የሚያረጅባቸው መንገዶች አራት ናቸው ለማለት ይቻላል። እነዚህም የፍጥነት ማነስ፥ የሜሞሪ ማጠር፥ የዐዲስ ችሎታ መጉደልና የድራይቨር መቋረጥ ናቸው። ሻጮች አብዝተው የሚነግሩን ስለ መጀመሪያው ነው። ነገር ግን ባለቤቱ በራሱ ዘዴ ሊያቃልለው የሚችለው ይህንኑ መጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፥ የቀሩት ሦስቱ ካርዱ ከተገዛ በኋላ መድኃኒት የላቸውም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስለ ፍጥነት በመጀመሪያ ልናገር። ጌሙ ቢዘገይ የጥላውን፥ የሣሩን፥ የውሃውን ጥራት በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም በላይ ሥዕሉን በትንሽ መጠን ሠርቶ በብልሃት የሚያሳድግ ዘዴ አለ። ኤንቪዲያ ይህንን ዲ ኤል ኤስ ኤስ ብሎ የጠራው ሲሆን፥ በ2018 ከአር ቲ ኤክስ 20 ካርዶች ጋር አስተዋውቆታል። በጥር 2025 የተሻሻለውን የሥዕል ማሳደጊያ በወጣ ጊዜ እነዚያ የ2018 ካርዶች ጭምር ተቀብለውታል። ስለዚህ የዛሬ ዓመታት የተገዛው ካርድ አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት የተሻለ ሥዕል ለማሳየት በቃ። ኤ ኤም ዲም በ2021 ያወጣው ኤፍ ኤስ አር የሌላ ፋብሪካ ካርዶችን ጭምር ይጠቅማል። ስለዚህ ዝግታ የሚያስቸግር ቢሆንም የሚቻል ነው።

የሜሞሪ ማጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት እጅግ ቀልጣፋ የሆነ ጸሐፊ አለ እንበል። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ ከፊቱ ዘርግቶ ሥራውን ያፋጥናል። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ግን በየጊዜው እየተነሣ ወደ መዝገብ ቤት መመላለስ አለበት፤ ባለጉዳዩም ተሰልፎ ይጠብቃል። ቅልጥፍናው ሁሉ በመንገድ ይቀራል። የካርዱ ሜሞሪ ጠረጴዛው ነው፤ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ነው። የአር ቲ ኤክስ 3060 ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሴኮንድ 360 ጊጋባይት ያህል ያነባል። ከኮምፒዩተሩ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ግን የሚያልፈው 32 ጊጋባይት ያህል፥ ይኸውም ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህ ምክንያት ሜሞሪው የሞላበት ካርድ ጌሙን እየቆራረጠ ያሳያል፤ ወይም ግድግዳውንና ፊቱን ሁሉ ያደበዝዛል። ሜሞሪውም በፋብሪካ ተበይዶ የሚመጣ ስለሆነ በኋላ ልጨምርበት ማለት አይቻልም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ካርዶች አሉ። በጥቅምት 2020 የወጣው አር ቲ ኤክስ 3070 ዋጋው 499 ዶላር፥ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነበር። በየካቲት 2021 የወጣው ታናሹ አር ቲ ኤክስ 3060 ግን ዋጋው 329 ዶላር ሲሆን ሜሞሪው 12 ጊጋባይት ነው። በፍጥነት የመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2023 «ዘ ላስት ኦቭ አስ» የተባለው ጌም ለኮምፒዩተር በወጣ ጊዜ፥ በከፍተኛው የሥዕል ደረጃ 8 ጊጋባይት እንደማይበቃ ታየ። ብዙ የከፈለው ሰው የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ለማድረግ ተገደደ።

ሦስተኛው የዐዲስ ችሎታ መጉደል ነው። በሐምሌ 2019፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ፥ ሁለት ካርዶች በእኩል 399 ዶላር ለገበያ ቀረቡ። አንደኛው የኤ ኤም ዲ አር ኤክስ 5700 ኤክስ ቲ፥ ሁለተኛው የኤንቪዲያ አር ቲ ኤክስ 2060 ሱፐር ነበሩ። የሁለቱም ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ነው። በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ጌም የሚፈጥነው የኤ ኤም ዲው ነበር፤ ፍጥነትን ብቻ ያየ ሰው እርሱን መረጠ። ነገር ግን የብርሃንን አካሄድ የሚያሰላ፥ ሬይ ትሬሲንግ የሚባል ልዩ ክፍል በውስጡ አልነበረውም። በታኅሣሥ 2024 ስለ ኢንዲያና ጆንስ የተሠራው «ዘ ግሬት ሰርክል» የተባለው ጌም ሲወጣ ይህን ክፍል የግድ የሚጠይቅ ሆነ። ሠሪዎቹም ዝቅተኛ መስፈርት አድርገው የጻፉት ያንኑ አር ቲ ኤክስ 2060 ሱፐርን ነበር። በግንቦት 2025 የወጣው «ዱም፥ ዘ ዳርክ ኤጅስ»ም እንዲሁ ይጠይቃል። እኩል የከፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ከበር ሲገባ ሌላው ከደጅ ቀረ።

አራተኛው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ካርዱ ከዐዲስ ጌም ጋር እንዲግባባ ፋብሪካው በየጊዜው የሚልከው ፕሮግራም ሲሆን፥ ለቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት እንደሚላክ ሰርኩላር ሊቆጠር ይችላል። ሰርኩላሩ የተቋረጠበት ቅርንጫፍ በአሮጌው ደንብ እንደሚሠራ ሁሉ፥ ካርዱም ለዐዲስ ጌም የሚደረግለት ማስተካከያ ይቀርበታል። በሰኔ 2015 የኤንቪዲያ ጂ ቲ ኤክስ 980 ቲ አይ እና የኤ ኤም ዲ ፊውሪ ኤክስ በእኩል 649 ዶላር ወጡ። ለፊውሪ ኤክስ የሚላከው መደበኛ ድራይቨር በሰኔ 2021 ሲቆም፥ 980 ቲ አይ ግን እስከ ጥቅምት 2025 ሲቀበል ቆይቷል። ከዚያ ወር በኋላ ለጂ ቲ ኤክስ 900 እና 1000 ካርዶች የሚቀርበው እስከ ጥቅምት 2028 ድረስ የጸጥታ ማሻሻያ ብቻ ነው። ስለዚህ በስሙ ላይ ጂ ቲ ኤክስ 10 የሚል ያለበትን አሮጌ ካርድ ዛሬ ለብዙ ዓመት ብሎ መግዛት አይመከርም።

ይህን ሁሉ ካወቅን ዘንድ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ከሁሉ የላቀውን ካርድ መግዛት ዕድሜውን ያረዝማል ብለን አንታለል። በመስከረም 2020 አር ቲ ኤክስ 3090 በ1,499 ዶላር ወጣ። በጥር 2023 ደግሞ አር ቲ ኤክስ 4070 ቲ አይ በ799 ዶላር ወጥቶ በጌም ፍጥነት ተስተካከለው። የመካከለኛውን ካርድ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ መካከለኛ ሊጨምርበት ይችላል። ከዚያ ያለፈው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛ፥ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ካርዶች መኖራቸውን አንርሳ። በሚያዝያ 2025 የወጣው አር ቲ ኤክስ 5060 ቲ አይ በ8 ጊጋባይት 379፥ በ16 ጊጋባይት 429 ዶላር ነበር። በሰኔ 2025 የወጣው አር ኤክስ 9060 ኤክስ ቲም በ8 ጊጋባይት 299፥ በ16 ጊጋባይት 349 ዶላር ነበር። በሁለቱም ልዩነቱ 50 ዶላር ነው። ዕድሜ የሚገዛ ገንዘብ ካለ ይህ 50 ዶላር ነው። ኢንቴል በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር ያወጣው አርክ ቢ 580ም 12 ጊጋባይት አለው። ለከባድ ዐዲስ ጌም ዛሬ ከ12 ጊጋባይት በታች ባይገዛ ይሻላል። ልጃችሁ የሚጫወተው ቀለል ያለ የእግር ኳስ ጌም ብቻ ከሆነ ግን 8 ጊጋባይት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፥ ቤት ያለውን ኮምፒዩተር እንመርምር። በጥር 2022 የወጣው አር ኤክስ 6500 ኤክስ ቲ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት፥ የመገናኛ መንገዱም አራት መስመር ብቻ ስለሆነ፥ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። አር ቲ ኤክስ 5090 ብቻውን 575 ዋት ሲጠይቅ፥ አር ኤክስ 9060 ኤክስ ቲ በ160 ዋት ይሠራል። መብራት በሚመላለስበት ቤት ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ዩ ፒ ኤስ ካርዱን ራሱን እንደ መግዛት አስፈላጊ ናቸው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም አቧራውን ማጽዳት ይገባል።

አራተኛው ስለ አሮጌ ዕቃ ነው። አንድ ባልደረባዬ ዕቁብ በወጣለት ወር ለልጁ አንድ ያገለገለ ካርድ ገዛ። ሻጩ በ2016 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1050 ቲ አይ ነው ብሎት ነበር፤ ኮምፒዩተሩም ይህንኑ ስም ያሳይ ነበር። ጌሙ ግን ሊሄድ አልቻለም። በኋላ ሲመረመር ስሙ በፕሮግራም የተለወጠ የ2010 ቺፕ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ለአባቱ አዝኖ «ግድ የለም አባባ» ብሎት ዝም አለ። ባልደረባዬ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ቃል እንደሚቆጨው ነግሮኛል። ጂ ፒ ዩ ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ካርድ ለይቶ «ፌክ» ብሎ ስለሚጽፍበት፥ በአምስት ደቂቃ ሊያድነው ይችል ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ስትገዙ በዚህ ፕሮግራም ሳታዩ፥ ከባድ ጌምም ግማሽ ሰዓት ሳታስኬዱበት ገንዘብ አትክፈሉ። እስከ መስከረም 2022 ድረስ ኢቴርየም ለተባለው የዲጂታል ገንዘብ ሥራ ቀንና ሌሊት ሲደክሙ የኖሩ ካርዶችም በገበያ ላይ ስላሉ፥ የፋናቸውን ድምፅና ሙቀታቸውን አስተውሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነም ደረሰኙን አብሮ እንዲልክ ንገሩት፤ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚጸናው በተገዛበት አገር ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ለዘለዓለም የሚቆይ ካርድ የለም። ይሁን እንጂ ወደ ሱቅ ስትሄዱ «ስንት ይፈጥናል?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ብታቀርቡ ብዙ ጸጸት ይቀርላችኋል። ሜሞሪው ስንት ነው? ሬይ ትሬሲንግ አለውን? የወጣበት ዓመት መቼ ነው? የጎደለ ፍጥነት በትዕግሥት ይሞላል፤ በእነዚህ በሦስቱ የጎደለው ግን በምንም አይሞላም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ለአንድ ቀን የሚደረግ ጥያቄ የብዙ ዓመት ዕረፍት ያስገኛልና፥ ሳትጠይቁ አትግዙ።