ባለሙያዎቹ ካልተስማሙ አረቦኑ ስንት ይሁን?

ዕድር በቀላሉ የማይከስረው ሞት የሁሉንም ደጃፍ በአንድ ቀን ስለማያንኳኳ ነው። ዛሬ የእነ እገሌን ሐዘን የሌሎቻችን መዋጮ ይሸፍናል። ኢንሹራንስም በመኪና ግጭትና በቤት ቃጠሎ የሚኖረው በዚሁ ስሌት ነው። አውሎ ነፋስ ግን ዕድርተኛውን በሙሉ በአንድ ሌሊት ሐዘን ያስቀምጣል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። ካሳው 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ 11 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ከሰሩ። ኩባንያዎቹ አረቦን ሲተምኑ የኖሩት ያለፉትን ዓመታት ኪሳራ ደምረው እያካፈሉ ነበር። ዓመታቱ ጸጥ ያሉ ነበሩ፤ ባሕር ዳርቻው ላይ ግን ቤት በቤት ላይ ይሠራ ነበር። ካረን ክላርክ የምትባል ባለሙያ በበኩሏ በኮምፒውተር ሺህ ዓይነት አውሎ ነፋስ እያስነሣች ጉዳቱን ታሰላ ነበር። በዚያ ቀን ኪሳራው ከ13 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ ይችላል ስትል ብዙዎች አላመኗትም።

ዛሬ እንዲህ ዓይነት የኮምፒውተር ሞዴል ሳይጠቀም የአውሎ ነፋስ ዋስትና የሚሸጥ ኩባንያ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሞዴሎቹም እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። 200 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ። አንዱ ባለሙያ «ቤቱ በዓመት የመውደም ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው» ካለ ተገቢው አረቦን 2 ሺህ ዶላር ነው። ሌላው «ከሃምሳ አንድ» ካለ 4 ሺህ ይሆናል። መሐሉን፣ 3 ሺህን፣ ለምን አይወስዱም?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቤት ክፉ ዕድል በሌላ ስፍራ ባሉ ሺህ ቤቶች ደህና ዕድል ይካካሳል። የሳይንሱ ስሕተት ግን አይካካስም፤ ሁለተኛው ባለሙያ ልክ ከሆነ ሺውም ውል በአንድ ላይ በርካሽ ተሽጧል። ተመራማሪው ሃዋርድ ኩንሩተርና ባልደረቦቹ የኢንሹራንስ ባለሙያዎችን ሲጠይቁ፣ የአደጋው ዕድል በውል ካልታወቀ የሚጠሩት ዋጋ ከፍ እንደሚል አይተዋል። ይህን ስግብግብነት ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም፤ ጭማሪው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብና ለጠለፋ መድን፣ ማለትም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለሚገዙት ኢንሹራንስ፣ የሚከፈል ዋጋ አለበት። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኩባንያዎቹ ዋጋ መጥራት ትተው ከአካባቢው ሲወጡ ነው።

ሲቆዩም ጥርጣሬውን ለባለቤቱ ያካፍሉታል። በፍሎሪዳ ውሎች ባለቤቱ ለአውሎ ነፋስ ጉዳት ከራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይጻፋል። «2 በመቶ» ስትታይ ትንሽ ናት፤ በ200 ሺህ ዶላር ዋስትና ላይ ግን ጣሪያው በተገነጠለ ማግስት 4 ሺህ ዶላር ከኪስ ይወጣል።