የአሮጌ ሬዲዮ ልሳን

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ የብቸናና የሞጣ ሰው የጎረቤቱን አገር የዲማ ጊዮርጊስን ስም ከአዲስ አበባ በአየር መጥቶ የሰማበት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ያ ሬዲዮ፣ ዛሬ ቢከፍቱት ወይ ድምፁ ሰልሏል፣ ወይ «ዱግ ዱግ» እያለ ቃሉን ይውጠዋል። ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያረጀው የጣት ጫፍ የምታህለው ካፓሲተር ናት።

የዚህች ዕቃ ምሥጢር ረቂቅ ነው። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በመካከላቸው በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ገብቶ፣ በአንድነት ተጠቅልለው በቆርቆሮ ቀፎ ይከተታሉ፤ ቀፎው በጎማ ቢወተፍም ፈሳሹ በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ ይተንናልና፣ ኤሌክትሪኩን ሲተርፍ ተቀብላ ሲጎድል የምትሰጥበት ኃይል ይደክማል። ከድንጋዩ አጠገብ ያለችው ስትደርቅ፣ ድምፁ በጎላ ቁጥር ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ያ «ዱግ ዱግ» ይወለዳል፤ ድምፁን ከክፍል ወደ ክፍል የምታሻግረው ስትደርቅ ደግሞ አስቀድሞ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ያህል ይቀንሳልና፣ የሞጣና የብቸና ደጋ ከቆላው ይልቅ ይራራላታል፤ ሆኖም ከዘመን አያድናትም።

ጠጋኙ አስቀድሞ በአሮጌዋ ገላ ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ 100 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት የሚል ቢያገኝ፣ አዲሲቱ በማይክሮፋራዱ እንድትተካከል፣ በቮልቱም እንዳታንስ ይጠነቀቃል፤ 16 ቮልት ብትሆን መልካም ነው። የነጌቲቩ ምልክት ከነጌቲቩ ካልገጠመ ትግላለች፣ ልትፈነዳም ትችላለች። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ከሆነማ፣ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው ኃይል ነፍስ ያጠፋልና፣ በሬዚስተር በኩል አፍስሶ በመለኪያ ሳያረጋግጥ እጁን መስደድ አይገባውም።

እኔ የማልወደው ሥራ፣ ሁሉን ነቅሎ ሁሉን የመተካት ችኮላ ነው። ፈሳሽ የሌላቸው የሴራሚክና የማይካ ካፓሲተሮች እምብዛም አይደክሙምና ባሉበት ይኑሩ፤ ፈሳሽ ያለባቸው ግን፣ ዛሬ አንዲቱ ከደረቀች ነገ እኅቶቿ ይከተሏታልና፣ አንዲቱን ተክቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ አዳምጦ፣ ወደ ቀጣዪቱ መሻገር ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ አሁንም ቢቆራረጥ፣ ያፈሰሰ ድንጋይ አረንጓዴ ዝገት ያለበሰውን የድንጋይ ማስቀመጫ ሽቦ ፍቆ ማጽዳት ነው።