የአሰላና የበቆጂ ስም በመፈለጊያ መዝገብ

ስለ አሰላ በኢንተርኔት የተጻፈው ብዙ ሆኖ ሳለ ፈላጊው ለምን እንደሚያጣው መርምረን ነበር። እንደ ጉግል ያለ መፈለጊያ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ዓለሙን ሁሉ አያስስም፤ አስቀድሞ ጽሑፎችን አንብቦ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ የቃላት መዝገብ ያሰናዳል፤ መልሱንም ከዚያ ያወጣል።

ችግሩ ከዚህ ይነሣል። የአሰላው ሯጭ ስም ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ሥላሴም በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይገኛል። ለጆሮ አንድ ነው (የቅኔ መምህር ቢሰማን ይቈጣል)፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ስላለው ሌላ ቃል ነው። አንዳንዱ መፈለጊያ ልዩነቱን ቢያቻችልም ሁልጊዜ አይታመንም። አርሲም በቀድሞ መጻሕፍት «አሩሲ» ነው፤ አሰላንም በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል።

እንግዲህ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችውን የደራርቱ ቱሉን አገር ለማየት የሚያስብ እንግዳ የሚጽፈው «በቆጂ» ብሎ ነው። የእኛ ሰው ግን ጽሑፉን «የጀግኖች ምድር» ይለዋል። ርእሱ ያምራል፤ እንግዳው ግን የሌላ አገር ሰው የጻፈውን አንብቦ ይመጣል። ስለዚህ የቦታው ስም በተለመደው አጻጻፍ ከርእሱ ይግባ፤ ሌላው አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጠቀስ። ስሙን ያለ አገባብ መደጋገም ግን አይጠቅምም፤ ጉግል እንዲህ ያለውን ማታለል ቈጥሮ ወደ ኋላ ያደርገዋል።