ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቁጥር

ቮልስ ሊገዛ የመጣ ሰው ፍተሻውን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ነው። አስነሳው ይላል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ጭሱን ያያል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አነሳ ነበር። እዚያ ሥር፣ የመኪናውን ወለል ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት ከፍሎ በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ፣ አንድ ረድፍ ቁጥር ተመትቷል። ሻንሲ ቁጥር የሚባለው እሱ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ በርና ቸርኬ ከሌላ መኪና ይመጣል። ያ ቁጥር ግን ካለ መኪናው አለ፤ ከጠፋ የቀረው ብረት ነው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትዝ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የሚያምታታ ነገር አልነበረም። ከተማው ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ ሲኖር የትኛው የማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ቁጥር የሚያስፈልገው አንዱ ሌላውን ሲመስል ነው። ቮልስ ደግሞ የመመሳሰል ጥግ ነው፤ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ እስኪሠራ ድረስ 21,529,464 ወንድማማቾች ወጥተዋል።

እግረ መንገዴን፦ የአዲስ አበባው ፒያሳ ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ የመኪናው ወረቀት ቃላትም እንዲሁ። ታርጋና ቦሎ ቃል በቃል የጣሊያን ናቸው፣ ሊብሬም የዚያው ቤተሰብ ይመስላል። የአራዳ መካኒክ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ባሌስትራ ሲያወራ ሮም ያለ ሰው ሳይከብደው ይሰማዋል። የተሽከርካሪ ምዝገባን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ ተሽከርካሪ ሳይመዘገብና ሳይመረመር መንገድ እንዳይወጣ ያዛል። ሊብሬው ላይ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ይጻፋል። ሞተር ቀይሮ ዝም ያለ ባለቤት ጣጣው የሚገለጥለት ሊሸጥ ሲነሳ ነው።

የዛሬ መኪና ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ ነው። አሜሪካ ከ1981 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አደረገችው፤ ሌላውም ዓለም ቀስ በቀስ ተከተለ። ከላቲን ፊደላት አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ ነው። መጀመሪያ ያሉት ሦስቱ የሠሪው መለያ ናቸው። በጄ ከጀመረ ጃፓን፣ በኤል ከጀመረ ቻይና ነው። ለኢትዮጵያም የራሷ ምድብ አላት። አሥረኛው ቦታ ላይ ብዙ ፋብሪካዎች የሞዴሉን ዓመት ያሰፍራሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ዘጠነኛው በአሜሪካ ሕግ ማረጋገጫ ነው፤ የሌሎቹ ስሌት ውጤት ስለሆነ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ያጋልጣል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና ይህ ጠባቂ ላይኖረው ይችላል፤ ጸሐፊው 8ን 3 ብሎ ቢገለብጥ የሚጮህ የለም።

የድሮ ቮልስ ከዚህ ሁሉ በፊት የተወለደ ነው። በፈረንጆች ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ 9 አሃዝ ነበር። 11 የመኪናውን ዓይነት ይነግርዎታል፣ ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን። በ116 የሚጀምር የ1966 ሞዴል ነው ማለት ነው። ሻጩ «የ69 ነው» ካለዎት ወንበሩ ሥር ያለውን ይመኑ። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ 10 አሃዝ ሆነ።

አንድ ወዳጄ የአባቱን ቮልስ ወደ ስሙ ሊያዛውር ሄዶ ከአንዲት ወጣት ጸሐፊ ጋር የተነጋገረውን አይረሳውም።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ሙሉ አይደለም። 8 ይጎድላል።»

«አይጎድልም እመቤት፣ ሲወለድም ይኸው ነው።»

እሷም አልተሳሳተችም፤ ፊቷ ያለው ቅጽ 17 ሳጥን አለው። እሱም አልዋሸም። እንዲህ ሲሆን መኪናው ራሱ ቀርቦ፣ ቁጥሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በእርሳስ ካልተነሳ በቀር ክርክሩ አያልቅም። ወዳጄ ወሩን ሙሉ ተመላልሷል።

የሚገርመው፣ ይህ የቮልስ ችግር የዓለም ውድ መኪኖችም ችግር መሆኑ ነው። ሃይፐርካር ገላው ካርቦን ፋይበር ነው፤ በመዶሻ ቢመቱት ይሰነጠቃል እንጂ ቁጥር አይይዝም። ስለዚህ ቁጥሩ በተጣበቀ ሳህን ላይ ይሰፍራል፤ ሳህን ደግሞ ይነቀላል። ሌላም ጉድ አለ። በዓመት ጥቂት መቶ ብቻ ለሚሠራ ፋብሪካ የራሱ ሦስት ፊደል አይሰጠውም፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ 9 ይገባና ከሌሎች ትንንሾች ጋር አንድ ስም ይጋራል። 450 ብቻ የተሠራው ቡጋቲ ቬይሮን ቁጥሩ ቪኤፍ9 ብሎ ይጀምራል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ተሳቢ የሚበይድ ትንሽ ድርጅትም ቪኤፍ9 ነው። ልዩነቱ ያለው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ቦታ ሲሆን ቡጋቲ እዚያ 795 ይጽፋል። መጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ መዝጋቢ ሚሊዮን ዶላር ያወጣውን መኪና ከተሳቢ አይለየውም።

ክርክሩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. የለ ማንን የመኪና ውድድር ያሸነፈው «ኦልድ ነምበር ዋን» የተባለ የቤንትሌይ ፋብሪካ መኪና በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ከተስማሙ በኋላ ገዢዎቹ እውነተኛው አይደለም ብለው አፈገፈጉ። ከመጀመሪያው አካል የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። የለንደኑ ዳኛ በ1990 እ.ኤ.አ. ለሻጩ ፈረዱ፤ መኪናው ጥቂት በጥቂት ተቀየረ እንጂ መኖሩን አላቋረጠም ብለው። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ፒያሳ ጓሮ ውስጥ ሦስተኛ ሞተሩን የጫነ ቮልስም በዚሁ ሚዛን እውነተኛ ነው።

እዚህ አገር ግን ቁጥሩ ከስሜት ይልቅ ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጥሏል። ዕድሜው ከየት ይነበባል? ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ቪትዝ 17 ፊደል ጨርሶ የለውም፤ ለምሳሌ ኤስሲፒ10 ይልና ሰረዝ አስቀድሞ ተራ ቁጥር ያስከትላል። ዓመቱ ቁጥሩ ላይ አልተጻፈም፤ ከሌላ ሰነድ መፈለግ ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚመጣው አብዛኛው በኤል የሚጀምር የቻይና ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህ ሙሉ 17 ስላላቸው ቅጹም ጸሐፊዋም ይወዷቸዋል።

ሲገዙ ሦስቱን ያስተያዩ፦ ብረቱን፣ ሊብሬውን፣ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን። ሁለቱ ቢስማሙ አይበቃም። «ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ ውክልና ይበቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ምክንያቱን ሳይሰሙ ብር አይቁጠሩ። ቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ የተሞረደ፣ የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም ብቻውን የተቀባ ከሆነ ይመለሱ።

ቮልስ ያለዎት ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ሥር በቀኝ በኩል የተቀመጠውን ባትሪ ያስታውሱ። አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላል፣ ወለሉ ሲበላ በያጅ ይጠራል፣ በያጁም እሳቱን ይዞ ከቁጥሩ ሁለት ስንዝር በማይሞላ ቦታ ይንበረከካል። ከመለኮሱ በፊት ቁጥሩን በእርሳስ ያንሱ፣ ፎቶውንም ይያዙ፣ እርጥብ ጨርቅ ያልብሱትና አጠገቡ ይቁሙ።