እኩልነት ያላስተካከለው ሞተር

በግል ትንንሽ አውሮፕላን የሚበር ሰው ሁሉ ቀይዋን እጀታ ያውቃታል። ወደ ፊት ስትገፋ ሞተሩ ነዳጅ ይጠግባል፤ ወደ ኋላ ስትሳብ ነዳጁ ያንስና አየሩ ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ ስለዚህች እጀታ አንድ ማስጠንቀቂያ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ ኖረ፦ አብዝተህ አትሳባት፣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አዳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጆርጅ ብራሊና ቲም ሮል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ቃል ሰምተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ጥርጣሬያቸውን የሚደግፍ ታሪክም ነበር። በ1950ዎቹ ውቅያኖስ ያቋርጡ የነበሩት ዲሲ-7 አውሮፕላኖች ግዙፍ የፒስተን ሞተሮቻቸውን ያበሩ የነበረው ልክ በዚህ በሚፈራው መንገድ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ የሞተሩን ጉልበት በሚያሳየው መለኪያ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነዳጁን ይቀንስ ነበር፤ ሞተሩም ሰዓታት ሙሉ በሰላም ይሠራ ነበር። ታዲያ ለትልቁ የተፈቀደው ለትንሹ እንዴት መርዝ ሆነ?

የሞከረ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር። ባለስድስት ሲሊንደሩ የኮንቲኔንታል ሞተር ቀይዋ እጀታ ከአንዲት ነጥብ ስታልፍ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ መቀመጫውን አልፎ እስከ አጥንት ይሰማል። ከመሬት ሦስት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አብራሪ ደግሞ ጥያቄ አያበዛም፤ እጀታዋን ቶሎ ወደ ፊት ይገፋል።

መካኒኮቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ካንዴላ ተለወጠ፤ ማግኔቶ ተስተካከለ። ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ስድስቱ ኖዝሎች ተፈትተው ታጠቡ፣ ሁሉም እኩል መጠን ማፍሰሳቸው ተለካ። እኩል ነበሩ። ሞተሩ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።

ዕድል የመጣው በመለኪያ በኩል ነው። ቀድሞ ብዙው አውሮፕላን የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ አንድ ጌጅ ብቻ ነበረው፤ ያም ቢሆን የስድስቱን ጉዳይ በአንድ አፍ የሚናገር ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የእያንዳንዱን ሲሊንደር ጭስ ለየብቻ የሚለኩ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ውለው ነበር። ነዳጅ ሲቀንስ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፤ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ይወርዳል። ስድስቱ አብረው ጫፍ ላይ ቢደርሱ ደግ ነበር። አልደረሱም። አንዱ ጫፉን አልፎ ሲወርድ ሌላው ገና ሽቅብ ይወጣል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት ከአንድ ጋሎን፣ ማለትም አራት ሊትር ገደማ፣ ይበልጥ ነበር። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ሞተር ስም የየራሳቸውን መንገድ ይሄዱ ነበር ማለት ነው። መንቀጥቀጡ ይኸው ነው።

ግን ኖዝሎቹ እኩል አልነበሩም እንዴ?

ፍንጩ ከመዛባቱ ሥርዓት መጣ። ጥፋቱ የቆሻሻ ቢሆን ኖሮ በየአውሮፕላኑ መልኩ ይለያይ ነበር። አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ግን የሚዛቡት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነበር። እንግዲህ በሽታው ከኖዝሉ ሳይሆን ከሞተሩ አሠራር ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ኖዝል የሲሊንደሩ መግቢያ በር፣ ቫልቩ፣ ተከፈተም ተዘጋም ነዳጅ ማፍሰሱን አያቆምም። በሩ ሲዘጋ ነዳጁ ደጃፍ ላይ ይጠራቀማል። በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ቦይ ለሁሉም ማሳ እኩል ቢከፈትም፣ የአንዱ መግቢያ ተዘግቶ ሳለ ውሃው ቆሞ አይጠብቀውም፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እዚህም በጋራው የአየር ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ከአንዱ ደጃፍ የተነነውን ነዳጅ ጠርጎ ለሌላው ያደርሰዋል። አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል። መካኒኮቹ ኖዝሎቹን እኩል ለማድረግ የደከሙት ድካም ያንኑ አድልዎ የሚጠብቅ ነበር!

የብራሊና የሮል መፍትሔ ከዚህ በኋላ ግልጽ ቢመስልም፣ ለብዙ ጆሮ እንግዳ ነበር፦ ኖዝሎቹን ሆን ብሎ አለማስተካከል። ለተራበው ሲሊንደር ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ለጠገበው ጠበብ ያለ ኖዝል። ከጣት የምታንስ የነሐስ ቁራጭ ናት፤ በአንዷና በሌላዋ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ መጠኗ በላይዋ ላይ በፊደል ይጻፋል። ጋሚ የተባለው ድርጅታቸው እነዚህን ኖዝሎች ጋሚጄክተር ብሎ ሰየማቸው።

ስድስቱ ኖዝሎች በየቦታቸው ሲገቡ ቀይዋ እጀታ ከሚፈራው ነጥብ አለፈች። ሞተሩ አልተንቀጠቀጠም። ጉልበቱ በዝግታ ቀነሰ እንጂ ድምፁ አልተዛባም። ሞተሩን ያቃጥላል የተባለው መንገድም ሌላ ነገር አሳየ፦ የሲሊንደሮቹ ራስ ሙቀት ወደ ታች ወረደ።

ተጠራጣሪው ግን ብዙ ነበር፤ ዕድሜ ልክ የተማሩትን መተው ይከብዳል። ሁለቱ ሰዎች በክርክር አልተወሰኑም። አዳ ላይ ሞተር መፈተኛ አቋቁመው በቀድሞው የኮንቲኔንታል መሐንዲስ በካርል ጉሌት ስም ሰየሙት፤ በየሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጁ ሲነድ የሚፈጠረውን ግፊት እየለኩ የመጣውን እንግዳ ሁሉ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ አደረጉ።

ዛሬ ብዙ አብራሪዎች ፈተናውን ራሳቸው ያደርጉታል። ጸጥ ባለ አየር ላይ ቀይዋን እጀታ በጥቂቱ ይስባሉ፤ ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ጫፍ ሲደርስ የነዳጁን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ልዩነት በሰዓት ከግማሽ ጋሎን በታች ከሆነ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ እጀታዋን ግን ወደ ፊት አይመልሷትም።