የድሃና የባለጸጋ ልጆች በትምህርት ቤቶች መካከል መለያየት፤ ከአርሲ ደጋ አንፃር ሲታይ

ስለ ትምህርት እኩልነት ሲወሳ ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ ምን ያህል ሕፃናት ትምህርት ቤት ገቡ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ሕፃናት ሁሉ በትምህርት ገበታ ላይ ቢገኙ እንኳ፣ የባለጸጎቹ ልጆች በአንድ ወገን፣ የድሆቹ ልጆች በሌላ ወገን ተሰብስበው የሚማሩ ከሆነ እኩልነቱ ከመዝገብ አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መለያየት እንዴት እንደሚለካና ከምን እንደሚመነጭ ማስረዳት ነው።

ሀ. መለኪያው

ለአብነት ያህል 400 የድሃና 400 የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ያሉበትን፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚገኙበትን ወረዳ እናስብ። በከተማው ትምህርት ቤት 100 ድሆችና 300 ባለጸጎች፣ በገጠሩ ደግሞ 300 ድሆችና 100 ባለጸጎች ቢማሩ፣ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በስብጥር ለማመሳሰል ከድሆቹ ልጆች ግማሾቹ ትምህርት ቤት መለወጥ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የመለያየቱ መጠን 0.5 ነው ይባላል። በሁለቱም 200 በ200 ቢሆኑ ኖሮ መጠኑ 0 ይሆን ነበር። በሁለቱም ሁኔታ የወረዳው ጠቅላላ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ይኸውም የወረዳ አማካይ ቁጥር መለያየትን የሚሸፍን መጋረጃ መሆኑን ያሳያል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት የቀረበው ጥናት የተማሪ ውጤት ከራሱ ቤተሰብ ኑሮ ሌላ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሁኔታም ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል።

ለ. የመለያየት ምክንያቶች

የመጀመሪያው ርቀት ነው። የጀጁ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአርቦዬም ሆነ በሌሎቹ የአርሲ ወረዳ ከተሞች፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ እያስመጣ መማር ግድ ይሆንበታል። ኪራዩንና ስንቁን የማይችል ወላጅ ልጁን ያስቀራል። በአሰላ አቅራቢያ ያደገው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየዕለቱ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበረ በአድናቆት ይነገራል፤ ለዕቅድ ባለሙያ ግን ይህ የርቀት ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛውረው ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲስፋፉ በአብዛኛው የተቋቋሙት በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች ነው። ሦስተኛው ምርጫ ነው። በአዳማ እንደሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሉ ተቋማት ጎበዝ ተማሪዎችን ከየአካባቢው ይሰበስባሉ። ይህ ለጎበዙ የድሃ ልጅ ዕድል ቢከፍትም፣ የወጣበትን ክፍል ግን አርአያ የሚሆን ጓደኛ ያሳጣዋል። አራተኛው የመምህራን ዝውውር ነው፤ ልምድ ያካበተ መምህር ወደ ከተማ ሲዛወር የገጠሩ ቦታ በጀማሪ ይተካል።

ሐ. የመዋጮ ነገር

አርሲ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስዊድን እርዳታ በሰፊው የታየበት አገር ነው፤ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የዚሁ ፍሬ ነበር። በዚያው ዘመን በስዊድን እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም በሕዝብ ተሳትፎ ላይ የቆመ ነው። መዋጮ ሕዝቡን የትምህርት ቤቱ ባለቤት ያደርገዋል፤ ሆኖም ያለው ብዙ፣ የሌለው ጥቂት ስለሚያዋጣ፣ ማስተካከያ ካልተደረገለት ልዩነቱን ማስፋቱ አይቀርም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጥራት ማሻሻያው ፕሮግራም የተሰጠው ድጎማም በመሠረቱ በተማሪ ቁጥር የተሰላ በመሆኑ፣ ለእኩል ቁጥር እኩል ገንዘብ እንጂ ለበለጠ ችግር የበለጠ ገንዘብ አልነበረም።

መ. ውጤቱና ሊደረግ የሚገባው

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ፣ ማለትም 3.2 በመቶ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ አኃዝ የመምህራንን ስንፍና ብቻ እንደሚያመለክት አድርጎ መተርጎም ስሕተት ነው። ትምህርት ቤቱ እነማንን እንደተቀበለ ሳይታወቅ ምን እንዳስተማረ መመዘን አይቻልም።

ስለሆነም አንደኛ፣ ርእሳነ መምህራን በምዝገባ ጊዜ የተማሪውን የመንገድ ርቀት፣ የወላጆቹን ሥራና የትምህርት ደረጃ ቢመዘግቡ፤ ሁለተኛ፣ ድጎማው ሲከፋፈል ችግረኛ ተማሪዎች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ብልጫ ቢሰጥ፤ ሦስተኛ፣ በገጠር ለሚቆይ መምህር መኖሪያና የደረጃ ዕድገት ቅድሚያ ቢታሰብለት፤ አራተኛ፣ በወረዳ ከተሞች ለሩቅ ቀበሌ ልጆች፣ በተለይም ለልጃገረዶች፣ ማደሪያ ቢዘጋጅ መለያየቱ ሊቀንስ ይችላል። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የቀሩትም በእርሱ ላይ ይመሠረታሉ።