ስለ ብቸኛ ቁጥሮችና ስለ ባሕረ ሐሳብ



ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት ደብረ ኤልያስ ስሟ በጎጃም የሚነሣው ይበልጡን በቅኔ ነው። ይሁን እንጂ የአብነት ትምህርት ቅኔ ብቻ አይደለም፤ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብም አለበት። በአስኳላ ተምረናል የምንል ሰዎች ይህን ስሌት የቃል ጥናት ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን በውስጡ ያለው 19 ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥር ነው።

19 ብቸኛ ቁጥር ነው። ይኸውም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለት ነው። ቁጥሩን የሰጠው የፀሐይና የጨረቃ ጕዞ እንጂ የሊቃውንት ምርጫ አይደለም፤ የጨረቃ ሌሊት ከፀሐይ ዓመት ጋር በ19 ዓመት ተመልሶ ይገጥማልና።

ዘመናት ደግሞ በአራቱ ወንጌላውያን ይፈራረቃሉ። የጨረቃው ዙር 20 ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ 20 ለ4 ስለሚካፈል፣ በዘመነ ዮሐንስ የዋለ አበቅቴ ከዘመነ ዮሐንስ ለዘለዓለም ባልወጣም ነበር። 19 ግን አይካፈልምና እያንዳንዱ አበቅቴ አራቱንም ወንጌላውያን በየተራ ያዳርሳል። ይህ በ76 ዓመት ይፈጸማል፤ ማዕከላዊ ቀመር የሚባለውም እርሱ ነው። ሰባቱ ዕለታት ሲታከሉበት 532 ዓመት፣ ማለት ዐቢይ ቀመር፣ ይሆናል።

የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንመልከት። ወንበሩ 11 ነበር። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ አበቅቴው ይህ ነው። 11 በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ማባዣዎቹ 11ና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸውና። ማባዣው 11 መሆኑ ቀርቶ 10 ቢሆን፣ ከአሥራ ዘጠኙ ወንበሮች ሦስት ዓይነት አበቅቴ ብቻ በተገኘ ነበር፤ አልቦ፣ 10ና 20። 11 ግን ከ30 ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌለው አሥራ ዘጠኝ ልዩ ልዩ አበቅቴ ያወጣል።

እንግዲህ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ስንት ነው? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መጨረሻ የለውም። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ይህን አስረድቶ ነበር። የምናውቃቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እርስ በርስ አባዝተን 1 ብንጨምርበት፣ ውጤቱ በማናቸውም ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ከዝርዝራችን ውጭ ሌላ ብቸኛ ቁጥር መኖሩ ግድ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጠውን አገኘ። 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ 41,024,320 አኃዝ አለው። በየሰከንዱ አንድ አኃዝ በዚህ የድምፅ ማጉያ ብናነብብ ከ474 ቀንና ሌሊት በላይ ይወስድብናል፤ ለዜና የሚተርፍ ሰዓትም አይኖርም። ቢሆንም ይህ ግዙፍ ቁጥር በ19 ቦታ ቢገባ ጠባዩ ያው ነው፤ ለ4ም ለ7ም አይካፈልምና ወንጌላውያኑንም ዕለታቱንም አንድ ሳያስቀር ያዳርሳቸዋል።